ያለ ተራው የሚጠጣ በሽታ

የልጅ ልጄን የዳርኳት ለጓደኛዬ ልጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሚመጣው ነገር ባዳ ከባዳ የተጣላበት እንዳይመስላችሁ ነው። እኔና ጓደኛዬ ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ የማርያም ማኅበር ጠጥተናል። ባሌ ሲሞት አርባው እስኪወጣ ከቤቴ ያልጠፋችው እሷ ናት። የእሷ እግር ሲሰበር ሁለት ወር ሙሉ ደግፌ ያወጣኋትና ያስገባኋት እኔ ነኝ። ልጇ ሽማግሌ ሲልክ፣ እንደ ደንቡ አንድ ሁለቴ መልሼ በሦስተኛው እሺ ማለት ነበረብኝ። እኔ በመጀመሪያው ቀን እሺ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸው ተያዩ። "አማቷን ስለማውቃት ነው" አልኳቸው።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ጡት ሳትጥል እናቷ ሞተችብኝ። የወር አበባዋ ከመጣባት ዓመት ጀምሮ በየወሩ ሦስት ቀን ትተኛለች። ጉልበቷን ሆዷ ውስጥ ቀብራ፣ ላቧ ትራሱን እያራሰው። "የሴት ነገር ነው፤ ስትወልጂ ይተውሻል" እላት ነበር። እኔም የተባልኩት ይህንኑ ነው። አንድ አስተማሪ ስለ መቅረቷ "ሰነፍ" ሲላት ትምህርት ቤት ድረስ ሄጄ በተማሪ ፊት ልክ ልኩን ነገርኩት። ለአስተማሪው የሄድኩትን መንገድ ወደ ሐኪም ቤት ግን አልሄድኩትም፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ይቀርብ ነበር። የሌላውን በደል ከመናገሬ በፊት የራሴ ይቅደም።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። ሁለት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችብኝና "የቀረውን ጻፊ፤ ስም ግን አታንሺ" አለችኝ። የማንንም ስም ያላነሳሁት ለዚህ ነው። እኔ መጻፍ የተማርኩት አድጌ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ፊደሌ ከተንጋደደ ይቅር በሉኝ፤ ነገሬ ግን አልተንጋደደም።

በትዳሯ በሁለተኛው ዓመት፣ አሰላ መሐል ከምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ማሽኑን እንደተደገፈች ወደቀች። ባሏ የኮምባይነር ኦፕሬተር ነው፤ ያን ጊዜ ሲሬ በኩል ስንዴ ሲያጭድ ስለነበር በባጃጅ ሐኪም ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ላኩን። እዚያ በእምብርቷ በኩል ቀጭን ካሜራ አስገብተው አዩ፤ ሊነሣ የሚችለውን አነሡና ለክትትል ወደ አሰላ መለሱን። የበሽታውን ስም ኢንዶሜትሪዮሲስ አሉት። ለመያዝ አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። እጄ መዳፍ ላይ ጽፌው እየዞርኩ እለው ነበር።

አሰላ ያገኘናት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። የልጅ ልጄ ባልም ያን ቀን መጥቶ አጠገባችን ተቀምጧል። ሐኪሟ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ፎቶው ላይ ትንንሽ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለ፤ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ቀያይ ክሮች እየተቀጣጠሉ ይሄዳሉ፤ ልክ ሰርዶ ሲነቀል ሥሩ እንደሚታየው።

"ጥቁሩ በሽታው ነው እማማ" አለችኝ። "የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ነው፤ ግን ከማኅፀን ውጭ ነው የተቀመጠው። ወር በመጣ ቁጥር እሱም ይደማል። ደሙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ያቆስላል።"

"ቀያዮቹስ?"

"የደም ሥሮች ናቸው። አዲስ የበቀሉ።"

"ማን አበቀላቸው?"

"ራሱ በሽታው ነው ያስበቀላቸው። ሥጋ የትም ቢያርፍ ደም ካላገኘ ይሞታል። ይሄ ግን አጠገቡ ላሉ የደም ሥሮች መልእክት ይልካል፤ ወደ እኔ አብቅሉ ይላቸዋል። እነሱም ያበቅላሉ። እሱም ይመገባል፤ ይሰፋል።"

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሠፈራችን የውሃ ዳኛ ነበርኩ። ከጭላሎ በሚወርደው ወንዝ ድንችና ነጭ ሽንኩርት የምናጠጣ ሰዎች ውሃውን የምንካፈለው በተራ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቀን አለው። የዳኛው ሥራ በቦዩ ዳር ዳር መሄድ ነው። የሣር ጉንጉን ወትፎ፣ በጎን በጣት ስፋት ቀዳዳ ከፍቶ፣ በሰው ቀን የራሱን መደብ የሚያጠጣ ሰው አይጠፋም። ያንን ስይዝ ዘመድም አልለይም ነበር፤ የገዛ ወንድሜን ሁለት ተራ አስቀጥቼዋለሁ። ስለዚህ ሐኪሟ የነገረችኝ በአንድ ጊዜ ገባኝ። ባልተሰጠው መሬት ሰፍሮ፣ በሰው ተራ፣ ከሰው ቦይ ጠልፎ የሚጠጣ ነው።

"እንግዲያው ቦዩን ድፈኚበት" አልኳት። "ሥጋውን ብቻ ብትቆርጪው እንደ ሰርዶ ይመለሳል።"

ሳቀች፤ የንቀት ሳቅ አይደለም። "እሱን ነው እኮ ብዙ ተመራማሪ የሚፈልገው" አለችኝ። "መልእክቱን የሚያፍን መድኃኒት አለ፤ ለካንሰር የተሠራ። ካንሰርም እንዲሁ ደም ይጠልፋል። ችግሩ፣ ያው መልእክት ለደግም ነገር ይሠራል። ቁስል ሲድን አዲስ የደም ሥር ያስፈልጋል። ማኅፀን በየወሩ ሲታደስ ያስፈልጋል። ፅንስ ደግሞ ያለሱ አያድግም። ልጅ ለምትፈልግ ወጣት ሴት ያንን እንዴት እሰጣለሁ?"

"ሌላስ የለም?"

"የእናት ወተት ለማድረቅ የምንሰጠው ክኒን አለ። እሱ እነዚህን የደም ሥሮች ያቀጭጫቸው እንደሆነ ተሞክሯል፤ ተስፋ አለው፤ ግን ገና አልተረጋገጠም። ሳይረጋገጥ በልጅዎ ላይ አልጀምርም።"

ገና የሚለውን ቃል በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ጠልቼው አላውቅም። ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመት ከታመመች በኋላ የደረስነው ገና ላይ ነው። ቢሆንም አላታለለችኝም፤ የሌላትን አለኝ አላለችም። ለዚያ አከበርኳት።

ከዚያ ወደ ባልና ሚስቱ ዞራ ያላትን ነገረቻቸው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ያለ እረፍት ይወሰዳል፤ ወር አበባው ይቆማል፤ በሽታውም እያረፈ ይሄዳል። "ልጅ አትወልጂም ማለት አይደለም" አለቻት። "ቁስሉን እናሳርፈው። ልትሞክሩ ስትፈልጉ ትነግሩኛላችሁ፤ እናቆመዋለን።" ባልየው ጠየቃት፤ መለሰችለት። በኦሮምኛ ደግሞ ጠየቃት፤ በኦሮምኛም መለሰችለት። "ገብቶኛል ዶክተር" አለ። ወረቀቱን ተቀብሎ መድኃኒት ቤት የሄደውም እሱ ነው። እኔ ከልጅቷ ጋር ደረጃው ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ፓኬቱን በግራ እጁ ይዞ ሲመጣ አይቼዋለሁ።

ማምሻውን ልጅቷ "እማማ፣ ለእናቱ እንዳትነግሪያት" አለችኝ። "እሱ ራሱ ነው የለመነኝ። መቆጣጠሪያ የሚለውን ስም ብቻ ሰምታ ትይዘዋለች አለኝ።"

"ምን ቆርጦኝ" አልኳት።

ክኒኑ ሠራላት። ሁሉም ሴት ላይ እንዲህ እንደማይሠራ ሐኪሟ ነግራን ነበር፤ እሷ ላይ ግን ሠራ። በሦስተኛው ወር ፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ዋለች። እሑድ እኔ ዘንድ መጥታ ድንች ስትቆፍር፣ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ፊቷ አልተጨማደደም። እኔ እሷን ያለዚያ ጭምድድ ያለ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

የማኅበራችን ቀን ሃያ አንድ ነው። በዚያ ወር ተረኛዋ ዳገቱ ላይ ያለች አንዲት ባልቴት ነበረች። ጠበል ጠዲቁን ቀምሰን ጨዋታ ሲጀመር አንዷ ጓደኛዬን ነካካቻት።

"አንቺ፣ የልጅ ልጅ የምታሳዪን መቼ ነው? እኛ ተዝካራችን ሊደርስ ነው።"

ጓደኛዬ ዋንጫዋን አስቀመጠች። "ልጄ ጭንጫ ላይ ዘርቶ፣ ምን ላሳያችሁ?" አለች።

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ እዚያው ተቀምጫለሁ። ጭንጫ ያለችው የእኔን ልጅ ነው፤ አሥራ ሦስት ዓመት በየወሩ የተቃጠለችውን። በሴቶቹ ፊት ቻልኩት። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልቻልኩም። ጋሪ የሚጠብቁትን ሌሎቹን አሳልፌ፣ ከአንድ የግንብ አጥር ጥግ ክንዷን ይዤ አቆምኳት።

"በጠጣነው ጽዋ ይዤሻለሁ" አልኳት።

"በማርያም፣ ከአፌ አይወጣም። ምን ሆነሻል?"

በእኛ ማኅበር ሰው በጽዋው ከተያዘ በኋላ የሰማውን አያወጣም። ከቄስ ቀጥሎ የሚታመነው ይኸው ነው። በዚህ ልማድ ተማምነን የባሎቻችንን፣ የልጆቻችንን፣ ከራሳችን በቀር ማንም የማያውቀውን ተነጋግረናል፤ አንዲትም ቃል ወጥታ አታውቅም። እኔም ሁሉንም ነገርኳት። ጥቁሩን ነጥብ፣ ቀዩን ክር፣ ውሃ ጠላፊውን፣ ክኒኑን፣ ለምን እንደምትወስደው፣ መቼ እንደሚቆም። አለቀሰች። "ውይ የኔ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ተሸክማ" ብላ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ደረቴ ቀለለኝ። ለልጅቷ ጠበቃ ያቆምኩላት መስሎኝ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ሽምግልና ተጠራ። የተቀመጥነው በጓደኛዬ ግቢ ባሕር ዛፉ ሥር ነው። አራት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሦስቱ ከእኛው ቤተ ክርስቲያን፣ አራተኛው በወንዝ ውሃ ጉዳይ ስንት ጊዜ አብረውኝ የዳኙ የአርሲ አባት። የልጅ ልጄ ነጭ ሹራቧን ለብሳ አጠገቤ ናት፤ ባሏ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ለምን እንደተጠራን አናውቅም ነበር፤ ስለ ልጅ መዘግየት ምክር ሊሰጡን መስሎናል።

ጓደኛዬ ተነሣችና የክኒኑን ፓኬት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከልጆቹ ቤት፣ ከልብስ ሳጥን ሥር ነው ያወጣችው።

"የልጄን ዘር ያጠፋው ይኸው" አለች። "እኔ መካን መስላኝ ስጸልይላት እሷ በየቀኑ ትውጣለች። ውሸት ከሆነ አያቷ ትካድ። ከእሷው አፍ ነው የሰማሁት።"

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ከሰረዘችብኝ ሁለት ቦታ አንዱ ስለዚያ አስተያየት የጻፍኩት ነው፤ ስለዚህ አልናገርም።

"ነግሬያታለሁ" አልኩ። "እኔ የነገርኳት ግን ሙሉውን ነው። ያመጣችላችሁ ግማሹን ነው።" ስለ በሽታው መናገር ስጀምር ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ።

"የሴት ነገር በሸንጎ አይዘረዘርም እናት።"

"ክኒኑ ሲዘረዘር ዝም አላችሁ" አልኳቸው።

የአርሲው አባት ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አደረጉ። "እውነቷን ነው። ዕቃው ከቀረበ ምክንያቱም ይቅረብ። ይህ ክኒን ከየት መጣ? ማን አመጣው?"

ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው። ወደ ባልየው ዞርኩ። "አንተ ልጅ፣ ክኒኑን ከመድኃኒት ቤት የገዛው ማን ነው?"

አንገቱን ደፍቷል። የጫማውን ማሰሪያ ያያል።

"እኔ ነኝ" አለ።

"ለምን እንደሆነ ሐኪሟ ነግራሃለች?"

እናቱን አየ። እሷም አየችው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው ሲዋሽ አይቻለሁ፤ ሊዋሽ ያለ ሰው መጀመሪያ ትንፋሹን ይሰበስባል።

"ወረቀት ሰጡኝ፤ ገዛሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም።"

"በአማርኛ ነገረችህ" አለችው ሚስቱ ቀስ ብላ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ መናገሯ ነው። "በኦሮምኛም ጠየቅካት፤ መለሰችልህ። የትኛው ነው ያልገባህ?"

ወደ ጫማው ማሰሪያ ተመለሰ። ማንም መልስ ስጥ አላለውም። የአርሲው አባት ብቻ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ሦስቱ ግን ተንሾካሹከው ጨርሰው ነበር። ክኒኑ ይጣል፤ ስድስት ወር ይጠበቅ፤ ካልፀነሰች ተመልሰን እንቀመጣለን አሉ። ዳኝነት ማለት የሁለቱን ወገን መስማት ነው፤ አንዱን ወገን እንኳ በቅጡ አልሰሙም። ይህንኑ ነገርኳቸው። እኔ የምናገረው ለባሕር ዛፉ ነበር።

ልጅቷ ተነሥታ ፓኬቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ማንንም አልሰደበችም። ነጠላዋን አስተካክላ በበሩ ወጣች። ባሏ ሳይነሣ ቀረ።

አስፋልቱ ላይ ደረስኩባት። ባጃጅ አስቁመን ገባን። ከተማው ስንደርስ "አንቺም እማማ" አለችኝ።

"በጽዋ ይዣት ነበር።"

"ጽዋው የእናንተ ነው። ሆዱ የእኔ ነው።"

ለባጃጁ ከፍዬ ከኋላዋ ወረድኩ።

በሚቀጥለው ሃያ አንድ ማኅበሩ ፊት ነገሩን አነሣሁት። በጽዋው ተይዛ አወጣች፤ ሕጋችን ምን ይላል ብዬ ጠየቅሁ። ሴቶቹ ዋንጫቸውን ማየት ጀመሩ። "ማኅበሩን አናፍርስ እቴ" አለች የዳገቷ ባልቴት። ጓደኛዬ ግን አላፈረችም። "አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ፣ ያንድ ልጅሽ ቤት ባዶ ሲቀር ዝም ትዪ ነበር?" አለችኝ። "ዝም ባልል ሙሉውን እናገር ነበር" አልኳት። "ስታለቅሺልኝ ያልኩሽን ሁሉ ሰምተሻል። ከሰማሽው የሚጠቅምሽን መርጠሽ አወጣሽ።" ዋንጫዬን ደፍቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ አልተመለስኩም። ሠላሳ ዓመት አብሮ የተጠጣ ነገር እንዲህ በአንድ ከሰዓት እንደሚያልቅ ማንም አልነገረኝም።

የልጇ ክህደት ግን ይበልጥ ያንገበግበኛል። እናቱ ክፉ ሆነች፤ ቢያንስ ለሆነ ነገር ብላ ነው። እሱ የሚያውቀውን እውነት በእናቱ አንድ አስተያየት ዋጠው። አሁን ስንዴው ደርሷል፤ ጮሌ ወረዳ እያጨደ ነው አሉ፤ አንዳንዴ ለልጅቷ ይደውልላታል። ታነሣለች አታነሣም፣ አልጠይቃትም።

እሷ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ክኒኑን አላቆመችም። ባለፈው ሳምንት የክትትል ቀኗ ስለነበር አብሬያት ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፤ አትምጪ አላለችኝም። ሐኪሟን ልጠይቃት የተዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ፤ ያ የደም ሥር የሚያቀጭጭ መድኃኒት አሁንስ ገና ነው ወይ የሚለውን። በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። የልጅቷ ስም ሲጠራ እኔም ተነሣሁ።

"እዚህ ጠብቂኝ" አለችኝና ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገባች። በሩን ዘጋችው።

አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ተቆጥቼ ነበር። ያሳደግኳት እኔ፣ በባጃጅ ያመጣኋት እኔ፣ በሽታው ከማንም ቀድሞ የገባኝ እኔ። ከዚያ ቁጣው እያነሰ ሄደ። በሰው ቀን የሰውን ቦይ የከፈትኩ እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢያደርገው እኔም ይህንኑ እፈርድበት ነበር።

አጠገቤ ከዴራ የመጣች ሴት ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ጨዋታ ወዳድ ናት።

"ልጅዎ ናት የገባችው?" አለችኝ።

"የልጅ ልጄ ናት።"

"ውይ፣ ገና ልጅ። ምን ሆና ነው?"

አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም አውቀዋለሁ፤ ከእኔ በላይ አድርጎ የሚያስረዳት በዚያ አግዳሚ ላይ የለም። ምናልባት ሴትየዋንም ያው ሕመም ይሆናል ያመጣት።

"ስትወጣ እሷን ጠይቂያት" አልኳት። "ከፈለገች ትነግርሻለች።"

ሴትየዋ ኩራተኛ አሮጊት ሳልመስላት አልቀረሁም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።